“ኮሎኔል” ብሎ ያነበበ ሰው ምን አጠፋ?

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር እንሞክር። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩና እነዚህን አምስት ፊደላት ጻፉ፦ ኪው፣ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ። ትርጉሙ “ወረፋ” ወይም “ሰልፍ” ነው። አሁን የመጨረሻዎቹን አራት ፊደላት አጥፏቸውና የቀረችውን አንዷን አንብቡ። “ኪው!” ያው ራሱ ነው። አምስት ፊደል ተጽፎ የሚሰማው የመጀመሪያዋ ስም ብቻ ነው። ሌሎቹ አራቱ ወረፋቸውን እየጠበቁ ነው የሚል ቀልድ አለ።

ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ “ጅራት” ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ከነጅራቱ ወሰደና አጻጻፉን ሳይነካ አስቀመጠው። ይባስ ብሎ “ወረፋ መያዝ” ለማለት መጨረሻው ላይ አይ፣ ኤን፣ ጂ ስትጨምሩበት አምስት አናባቢዎች ተከታትለው ይቆማሉ፦ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ፣ አይ። መሐላቸው አንድም ተነባቢ የለም።

እንዲህ ያሉ ቃላት ለጨዋታ ደስ ይላሉ። ሰው ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ሲመጣ ግን ነገሩ ይቀየራል። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ “ጉልበት” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በተጻፈው መሠረት “ክኒ” ብሎ ሲያነብ ሳቅ ይነሳል። በማግስቱ እጁን አያወጣም። ቲክቶክ ላይም ያው ነው፤ ሰውዬው ያወራው ቁም ነገር ይረሳና አንዲት የተሳሳተች ቃል ተቆርጣ ትዞራለች። ኮሜንቱን አንብቡት፤ ቃሉ ለምን እንደዚያ እንደሚጻፍ የጠየቀ ሰው አታገኙም። ሁሉም ሳቂ ነው።

እስቲ እኛው እንጠይቅ። ከዚህ በታች ቃላቱን በፊደል ስማቸው እየጠራሁ ስለምሄድ፣ እየተከተላችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በወታደራዊ ማዕረግ እንጀምር። ሲ፣ ኦ፣ ኤል፣ ኦ፣ ኤን፣ ኢ፣ ኤል። አማርኛ የለመደ ሰው ሁሉ “ኮሎኔል” ብሎ ያነበዋል፤ ፊደሉም የሚለው ይህንኑ ነው። እንግሊዞች ግን “ከርነል” ይላሉ። “አር” የሚባል ፊደል ቃሉ ውስጥ በጭራሽ የለም፤ እነሱ ግን ይሰማቸዋል! ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማዕረጉ የተወለደው ጣሊያን አገር ሲሆን “ኮሎኔሎ” ይባል ነበር፤ የአንድ የሰልፍ ረድፍ አዛዥ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ሲወስዱት ሁለት “ል” አንድ ቃል ውስጥ ምላሳቸውን አስቸገረቻቸውና አንዷን ወደ “ር” ለውጠው “ኮሮኔል” አሉት። እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሰሙት የፈረንሳዮቹን ነው። በኋላ የተማሩት ሰዎች የጣሊያንኛ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ “ትክክለኛው በ‘ኤል’ ነው” ብለው አጻጻፉን መለሱት። የሕዝቡ ምላስ ግን አልተመለሰም። ይኸው እስከ ዛሬ በጣሊያን ጽፈው በፈረንሳይ ያነባሉ።

እንግዲህ “ኮሎኔል” ብሎ ያነበበው ሰው ምን አጠፋ? ለቃሉ መነሻ ከእንግሊዞቹ ይልቅ የቀረበው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ነጥብ አያሰጠው ይሆናል፤ የሚያስቅ ግን አይደለም።

ወደ ጉልበታችን እንመለስ፦ ኬ፣ ኤን፣ ኢ፣ ኢ። “ኬ” አትነበብም፤ “ኒ” ነው የሚባለው። ቢላም፣ ቋጠሮም፣ ማወቅም በእንግሊዝኛ እንደዚሁ በ“ኬ” ይጀምራሉ፤ ሁሉም ላይ ዝም ትላለች። ታዲያ ማን አስቀመጣት? የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር ሄዳችሁ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ራሳቸው “ክ” ሲሉ ትሰሟቸው ነበር። ያ የሚሳቅበት ልጅ ያነበበው ልክ እንደ ጥንቶቹ ነው። የቅርብ ዘመዶቻቸው ጀርመኖች ዛሬም ጉልበትን “ክኒ” ይላሉ፤ “ክ”ዋን አልጣሉም።

“ሌሊት” የሚለውን ጻፉ፦ ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ። መሐል ላይ ያሉት “ጂ” እና “ኤች” ድሮ የኛን “ኽ” የመሰለ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበራቸው። ጀርመኖች ሌሊትን አሁንም “ናኽት” ይላሉ። እንግሊዝኛ ድምፁን ጣለ፣ ፊደሉን ግን አስቀረ።

ለምን አስቀረ? ነገሩ የጊዜ አለመገጣጠም ነው። ዊልያም ካክስተን የሚባል ነጋዴ በ1476 ለንደን አጠገብ ዌስትሚኒስተር ላይ በእንግሊዝ የመጀመሪያውን ማተሚያ ቤት ከፈተ። መጽሐፍ በብዛት መታተም ሲጀምር አጻጻፍም ቀስ በቀስ አንድ መልክ እየያዘ ሄደ። ችግሩ ልክ በዚያው ዘመን፣ በግምት ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ፣ የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ከቦታቸው ተነቃንቀው እየዞሩ ነበር። ቀድሞ “ሁስ” ይባል የነበረው ቤት “ሃውስ” ሆነ። “ቲም” የነበረው ጊዜ “ታይም” ሆነ። “ናመ” የነበረው ስም “ኔይም” ሆነ፤ መጨረሻው ላይ የምናያት ዝምተኛ “ኢ” እንግዲህ አንድ ወቅት ትነበብ የነበረች ናት። ምላስ ጉዞ ላይ እያለ ፊደሉ በእርሳስ ተቀርጾ ቆመ። የፎቶና የሰው ነገር በሉት፤ ሰውየው አርጅቷል፣ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ግን ያው የወጣትነቱ ነው።

“ይሄማ የእንግሊዞች ጣጣ ነው፤ እኛ የምንሰማውን እንጽፋለን” የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠን። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን ሦስት ሆኑ? ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለምን ሁለት ሁለት ሆኑ? ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው እነዚህ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። “ሠረቀ” ፀሐይ ወጣች፣ “ሰረቀ” ሌባው ወሰደ ነበር፤ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን በጆሮው አይለያቸውም። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካላችሁ ግን “ዓይኒ” እና “ሓሙስ” በሉልን በሉት፤ ዐ እና ሐ አሁንም ከጉሮሮው ሲወጡ ትሰማላችሁ። ጀርመኖች ለእንግሊዝኛው “ኬ” እንደሆኑት ማለት ነው። ፊደሉን ሁለታችንም ይዘናል፣ ድምፁን የያዘው አንዱ ነው። ደግሞም “ገና” ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን “ገና አልመጣም”ን አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ እንዲገምት እንተወዋለን፤ የሚጠብቀውን ፊደል የሚያሳይ ምልክት አንጽፍም። አማርኛ የሚማር ፈረንጅም በበኩሉ የሚያማርርበት ነገር አለው።

ልዩነቱ የመጠን ነው። የእንግሊዝኛው በጣም ይበዛል። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት 13 የአውሮፓ ቋንቋዎችን የሚማሩ ሕፃናትን አነጻጽሮ፣ በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚማሩት መሠረቱን ለመያዝ ከአብዛኞቹ ሌሎች ሕፃናት ከእጥፍ በላይ ጊዜ እንደሚወስድባቸው አሳይቷል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች ቋንቋው የእናታቸው ቋንቋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1925 ጀምሮ የቃላት አጻጻፍ አገር አቀፍ ውድድር የሚካሄደውም፣ ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ቆመው አንድ ቃል በፊደል ሲጠሩ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ የሚያያቸውም ለዚሁ ነው። ቋንቋው እንደሚሰማ የሚጻፍ ቢሆን ምን ውድድር አለው?

ከሁሉም የሚገርሙኝ ግን ሆን ተብሎ የተጨመሩት ፊደላት ናቸው። “ዕዳ” የሚለውን ጻፉ፦ ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ ቲ። “ዴት” ነው የሚባለው። “ቢ” በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ተነብባ አታውቅም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ “ቢ” አልነበረውም። በኋላ የላቲን ፍቅር የያዛቸው ምሁራን “የዚህ ቃል አያት በላቲን ‘ዴቢቱም’ ነው፤ ዘሩ ይታይ” ብለው “ቢ” ሰኩበት። ለቤተሰብ ክብር ሲባል ማለት ነው! “ጥርጣሬ” የሚለው ቃል ላይ ያለችውም “ቢ” የመጣችው እንዲሁ ነው።

“ደሴት” ደግሞ የባሰ ነው፦ አይ፣ ኤስ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤን፣ ዲ። “አይላንድ” ይባላል። ይህ ቃል ከላቲን ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የራሳቸው ጥንታዊ ቃል ነው፣ “ኤስ”ም አልነበረውም። ከፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ደሴት የሚል አጭር ቃል ነበርና፣ የሱ ዘር “ኢንሱላ” የሚለው ላቲን ስለሆነ “ኤስ” ገባበት፤ ከዚያ ጎረቤቱንም ዘመዱ መስሏቸው “ኤስ” አለበሱት። በስህተት የገባች ፊደል ናት፤ አራት መቶ ዓመት አልፏታል፤ ዛሬ እሷን የዘለለ ተማሪ ኤክስ ይደረግበታል።

አሁን ወደ ታዋቂው ጉድ እንሂድ። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች። እነዚህ አራት ፊደላት ተከታትለው ሲመጡ ማንም ቀድሞ ድምፃቸውን መገመት አይችልም። ፊታቸው “ቲ፣ ኤች” ካደረጋችሁ “ዞው” (ቢሆንም)። በመሐል “አር” ጨምሩበት፣ “ስሩ” (በኩል) ይሆናል። “ቲ” ብቻ ከሆነ “ተፍ” (ጠንካራ)። “ሲ” ከሆነ “ኮፍ” (ሳል)። “ቢ” ከሆነ “ባው” (የዛፍ ቅርንጫፍ)። ቅድም ያልነው የጉሮሮ ድምፅ ሲሞት አሟሟቱ በየቃሉ ስለተለያየ ነው፤ አንዱ ቃል ላይ ጭራሽ ጠፋ፣ ሌላው ላይ “ፍ” ሆኖ ተረፈ።

ከዚህ የተነሳ አንድ የቆየ ቀልድ አለ። ጂ፣ ኤች፣ ኦ፣ ቲ፣ አይ ብላችሁ ጻፉ። “ይህ ‘ፊሽ’ ተብሎ ይነበባል፤ ዓሣ ማለት ነው” ይላል ቀልዱ። “ጂ፣ ኤች” በ“ተፍ” ውስጥ “ፍ” ነው፤ “ኦ” “ሴቶች” በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ “ኢ” ነው፤ “ቲ፣ አይ” ደግሞ “ኔሽን” ውስጥ “ሽ” ነው። ኢንተርኔት ላይ ይህን የፈጠረው ደራሲው በርናርድ ሾው ነው ይላሉ። ሾው የተወለደው በ1856 ነው፤ ቀልዱ ግን በ1855 በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። ገና ሳይወለድ መቀለድ አይችልም መቼም።

ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ያታልላል። “ጂ፣ ኤች” ቃል መጀመሪያ ላይ ሆኖ “ፍ” ተብሎ አያውቅም። “ቲ፣ አይ”ም ቃል መጨረሻ ላይ “ሽ” አይሆንም። እንግሊዛዊ ሰው ይህን ቃል ሳያውቀው ቢያይ “ጎቲ” ነው የሚለው። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ የእንግሊዝኛ ፊደል ዋጋው እንደ ቦታው ነው። አንዱን ፊደል ነጥለን “ይህ ምን ተብሎ ይነበባል?” ብለን ከያዝነው እንጠፋለን፤ ጎረቤቱንና የቆመበትን ቦታ አይተን ከያዝነው ብዙው ነገር መልክ ይይዛል።

ለምሳሌ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች ዝምተኛ “ኢ” ሥራ ፈት አይደለችም። ኤች፣ ኤ፣ ቲ “ሃት” (ባርኔጣ) ነው፤ “ኢ” ጨምሩበት፣ “ሄይት” (ጥላቻ) ይሆናል። እሷ አትነበብም፤ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ግን ትለውጠዋለች። የተደገሙ ፊደላትም እንደ አማርኛ ጠብቆ ለማንበብ አይደሉም። “እራት” የሚለው ሁለት “ኤን” ያለበት “ዲነር” ነው፤ አንዷን ብታወጡ “ዳይነር” ሆኖ ምግብ ቤት ይሆናል። ድግግሞሹ “ከፊቴ ያለውን አናባቢ አሳጥሩት” የሚል ምልክት ነው።

ዝም ያለ ፊደል ሲያስቸግራችሁ ደግሞ ዘመዶቹን ፈልጉ። “ሳይን” (ምልክት) ውስጥ “ጂ” አትሰማም፤ “ሲግኔቸር” (ፊርማ) ላይ ግን ትነሳለች። “ቦምብ” የሚለው መጨረሻ ላይ ያለችው “ቢ” በእንግሊዝኛ አትነበብም፤ “በቦምብ መደብደብ” ሲሆን ትነበባለች። “መስል” (ጡንቻ) ውስጥ የተደበቀችው “ሲ” “መስኩላር” (ጡንቸኛ) ላይ ብቅ ትላለች። አጻጻፉን በቃል ከመሸምደድ ይህ ይሻላል፤ ቢያንስ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ትንሽ ደግሞ እንጫወት። የኪቦርዳችሁን የላይኛውን ረድፍ ብቻ ተጠቅማችሁ ረጅም ቃል መጻፍ ትችላላችሁ? “ታይፕራይተር” በሉ፦ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ፣ ኢ፣ ደብሊው፣ አር፣ አይ፣ ቲ፣ ኢ፣ አር። አሥሩም ከላይ ናቸው። የታችኛው ረድፍ ላይ ግን ብትደክሙም ቃል አይወጣችሁም፤ አንድ አናባቢ የለበትማ። “ቡክኪፐር” (ሒሳብ ያዥ) ሦስት ጥንድ ፊደላትን በተከታታይ ይዟል፦ ሁለት ኦ፣ ሁለት ኬ፣ ሁለት ኢ። “ጥንካሬዎች” የሚለው ቃል ዘጠኝ ፊደል ሆኖ አናባቢው አንዲት “ኢ” ብቻ ናት፦ ኤስ፣ ቲ፣ አር፣ ኢ፣ ኤን፣ ጂ፣ ቲ፣ ኤች፣ ኤስ። “ስፖርት”ን እንኳ “እስፖርት” ብሎ መግቢያ ለሚሠራለት ለኛ ምላስ ይህ ቀላል ዳገት አይደለም። “ኮፒራይት ሊጠበቅለት የማይችል” የሚለው “አንኮፒራይተብል” ደግሞ 15 ፊደል ሲኖረው አንዱም አልተደገመም።

በብዛት “ኢ”ን የሚያክል ፊደል የለም። አሜሪካዊው አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ሲያጣ የፊደል ጨዋታ ፈጠረ፤ በኋላ ስክራብል የተባለው ነው። የእያንዳንዱን ፊደል ብዛት ለመወሰን የኒውዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ ቆጠረ። ከ100ዎቹ ጠጠሮች “ኢ” 12 ደረሳት። “ኪው” አንዲት ብቻ ናት፤ ዋጋዋ ግን 10 ነጥብ። በ1939 ደግሞ ኧርነስት ቪንሰንት ራይት የሚባል ሰው አንዲት “ኢ” የሌለችበት፣ ከ50,000 ቃላት በላይ ያለው ልብ ወለድ አሳተመ። ዎርድል የምትጫወቱ ከሆነ ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ ይገባችኋል።

“ኪው” ለምን እንዲህ ተወደደች? ያለ “ዩ” ስለማትንቀሳቀስ ነው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት እንግሊዞች “ንግሥት”ን እንኳ በ“ሲ” ነበር የሚጀምሩት፤ ሁለቱን ፊደላት ያጋባቸው የፈረንሳይኛ አጻጻፍ የለመዱት ጸሐፊዎች ናቸው። ያለ “ዩ” የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቋንቋ በመጣ ቃል ላይ ነው። እኛ “ኳታር” የምንላት አገር ስትጻፍ “ዩ” የላትም፤ ኢራቅም የምታልቀው በብቸኛ “ኪው” ነው። ስክራብል ተጫዋቾች “ኪው” ደርሷቸው “ዩ” ሲያጡ ከሚያድኗቸው ቃላት አንዱ ደግሞ እኛው በደንብ የምናውቀው ነው፦ ኪው፣ ኤ፣ ቲ። ጫት! እንግሊዝኛ ከዐረብኛው “ቃት” ወስዶት ነው።

ይህን ሁሉ ዝብርቅ ለማስተካከል የሞከሩ ነበሩ። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ኖህ ዌብስተር “ቀለም” ከሚለው ቃል ላይ “ዩ”ን ሲያወጣ አሜሪካ ተቀበለችው፤ “ምላስ”ን እና “ሴቶች”ን እንደሚሰሙ ሲጽፍ ግን እንቢ አለችው። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 ቃላትን ባጠረ አጻጻፍ እንዲያትም አዘዙ። ጋዜጦች ተሳለቁባቸው፤ ምክር ቤቱም አልቀበልም አለ፤ ትእዛዙ ቀረ። የሚገርመው፣ ከዝርዝሩ ውስጥ “ዞው”ን በሦስት ፊደል ቲ፣ ኤች፣ ኦ፣ “ስሩ”ን በአራት ፊደል ቲ፣ ኤች፣ አር፣ ዩ ብሎ መጻፍ ይገኝበት ነበር። ዛሬ ቻት ላይ የማይጽፈው ማን ነው? ፕሬዚዳንት ያቃታቸውን አውራ ጣት ሠራው።

የመጨረሻ ጥያቄ። በእንግሊዝኛ ከቁጥር ስሞች መካከል ፊደላቱ በኤ-ቢ-ሲ-ዲ ቅደም ተከተል የተቀመጡለት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ይመስላችኋል? አርባ ነው፦ ኤፍ፣ ኦ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ። ብዙ ሰው ይህን ቃል ሲጽፍ “ዩ” ይጨምርበታል፤ “አራት” ላይም “አሥራ አራት” ላይም “ዩ” ስላለ መጨመሩ ተገቢ ይመስላል። በድሮ ጽሑፎች ውስጥም “ዩ” ያለበት “አርባ” ይገኛል። በጊዜ ሂደት ተንጠባጥባ ወደቀች። እሷ ባትወድቅ ኖሮ የፊደል ተራው ይበላሽ ነበር።